ቦክሰር 150 ከሐዋሳ ናይሮቢ፦ የካቴና ድምፅ፣ የሞያሌ ወረቀትና በግራ መንዳት

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ ከሐዋሳ ተነስቼ በሞያሌ በኩል ናይሮቢ ደርሼ ልመለስ አስቤያለሁ። ሞተሬ ቦክሰር 150 ናት። 31 ሺህ ኪ.ሜ. ሄዳለች፣ ቸርኬዋ ባለ ሽቦ ነው፣ ጎማዋ ከመነዳሪ አለው። ሊብሬው በታላቅ ወንድሜ ስም ነው። ባለቤቴም ከኋላ ተቀምጣ መሄድ ትፈልጋለች፤ ዕቃችን ሁለት ቦርሳ ነው።

አራት ነገር ልጠይቅ። አንደኛ፣ ከ50 በላይ ስነዳ ከታች ጨክ ጨክ የሚል ድምፅ አለ፤ ነዳጅ ስለቅ ይቀንሳል። በፊተኛው ጥርስ ክዳን ስር ደግሞ ዘይት ይታያል። ሁለተኛ፣ ለድንበሩ ምን ወረቀት ያስፈልጋል? ሦስተኛ፣ ምን መለዋወጫ ልያዝ? አራተኛ፣ ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፤ ምን ላይ ልጠንቀቅ? አንዳንዶች «በቦክሰር ናይሮቢ አይኬድም፣ ጉልበት የላትም» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ቁልፍ 14

ወንድሜ፣ ሞተሯ ትችላለች። ግን መጀመሪያ ድምፁ ይፈታ።

ነዳጅ ሲሰጥ የሚጎላ፣ ሲለቀቅ የሚቀንስና ከጎማው ዙር ጋር አብሮ የሚፈጥን ጨክ ጨክ አብዛኛውን ጊዜ ካቴና ነው። ለማረጋገጥ ቆመህ ፎሌ ላይ (ማርሽ ሳታስገባ) ነዳጅ ስጣት። ድምፁ ቆመህም ከተሰማ ሞተር ውስጥ ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው። ስትሄድ ብቻ ከሆነ ወደ ካቴናው እንሂድ።

በመሐል ማቆሚያው አቁማት። ሞተሩን አጥፋ፤ በሚሠራ ሞተር ካቴና የነካ ሰው ጣቱን ያጣል። ማርሹን ፎሌ አድርግና የካቴናውን ክዳን ፍታ። የኋላውን ጎማ በእጅህ ቀስ እያልክ እያዞርክ በየሩብ ዙሩ ቁም፤ የታችኛውን መስመር መሐሉ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ግፋው። ጠቅላላ ጨዋታው ከ25 እስከ 35 ሚ.ሜ. መሆን አለበት። አንዱ ቦታ ላይ 35፣ ሌላው ቦታ ላይ 10 ካገኘህ ካቴናው እኩል አልተሳበም፣ ወይም የደረቁ መገጣጠሚያዎች አሉት። እንዲህ ያለውን ማጥበቅ አያድነውም። በላላው ቦታ ለክተህ ብታጠብቀው፣ ጠባቡ ቦታ በዞረ ቁጥር የማርሽ ሳጥኑን ዘንግና ኩሽኔታውን ይጎትታል። ከፊተኛው ጥርስ ጀርባ ያለው ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ላስቲክ) ማፍሰስ ከሚጀምርባቸው ምክንያቶች ዋናው ይህ ነው። ስለዚህ ድምፁና ዘይቱ አንድ በሽታ ሊሆኑ ይችላሉ።

ከዚያ ለካ። ካቴናው 428 ነው፤ ከፒን እስከ ፒን 12.7 ሚ.ሜ. ነው። ወጥረህ 21 ፒን ቁጠርና ከመጀመሪያው መሐል እስከ ሃያ አንደኛው መሐል ያለውን ርቀት በሜትር ያዝ። አዲስ ሲሆን 254 ሚ.ሜ. ነው። 259 ከደረሰ 2 በመቶ ስለተሳበ ይወገድ። ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ ለካ፤ ፍርዱ በረጅሙ ነው። ሲቀየር ካቴናው፣ የፊቱና የኋላው ጥርስ ሦስቱም አንድ ላይ ይቀየሩ። አዲስ ካቴና በተበላ ጥርስ ላይ ከተጫነ ጥርሱ አዲሱን ካቴና ይዞት ያልቃል።

ዘይቱ ሁለት ምንጭ ሊኖረው ይችላል፦ ከካቴናው የሚረጭ ቅባት ወይም ከሞተሩ የሚወጣ ዘይት። አካባቢውን በቤንዚን አጥበህ አድርቀው፣ የሕፃን ፓውደር ነስንስበት፣ 10 ኪ.ሜ. ነድተህ ክፈት። ነጠብጣቡ በክዳኑ ዙሪያ ከተረጨ የካቴና ቅባት ነው። ከዘንጉ ዙሪያ ተነስቶ ወደ ታች መስመር ከሠራ ግን ሲሉ ሄዷል። ጥርሱ ለመቀየር በሚወርድበት ጊዜ ሲሉን አብረህ ቀይር። ዘንጉን በጥፍርህ ዳስሰው፤ ሲሉ የተቀመጠበት ቦታ ላይ የሚይዝ መስመር ካለ አዲሱም ቶሎ ያፈሳል፤ ያኔ ዘንጉን ለባለሙያ አሳይ።

ስለ ጉልበት፣ መንገዱ ጉልበት አይጠይቅም፤ ከሞያሌ እስከ ናይሮቢ አስፋልት ነው። ሞተሯን የሚያበላሸው መንገዱ ሳይሆን ፍጥነቱ ነው። በአየር የምትቀዘቅዝ ሞተር በቆላው ሙቀት ነዳጁ እስከ መጨረሻ ተከፍቶ ሁለት ሰዓት ስትሄድ ዘይቱ ይቀጥናል፣ ፒስተኑም ይጎዳል። ከ60 እስከ 70 ያዝ፣ በየሰዓቱ 10 ደቂቃ አሳርፋት።

መልስ፦ ይርጋጨፌ

ጋሼ ቁልፍ ያሉት ላይ ስለ ዘይት ልጨምር። ከመነሳትህ በፊት ቀይር፤ ደርሶ መልሱ 2,500 ኪ.ሜ. ያልፋል። 20ደብሊው50 ሆኖ ጣሳው ላይ «ጃሶ ኤምኤ» የሚል ይሁን። ይህ ምልክት ፍሪሲዮኑ ዘይት ውስጥ ለሚዋኝ ሞተር ሳይክል የተሠራ መሆኑን ይናገራል። አንዳንድ የመኪና ዘይት ማንሸራተቻ ተጨምሮበታል፤ ለመኪናው ጥሩ ነው፣ ቦክሰር ውስጥ ግን ፍሪሲዮኑ መያዝ ያቅተዋል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይከተልም። መንገድ ላይ በየጠዋቱ ሳታስነሳት ቀጥ አድርገህ አቁማትና በመስኮቷ ተመልከት።

ጎማን ቀለል አድርገህ አትየው። ቦረናና ማርሳቢት ላይ የግራር እሾህ ከመንገዱ ዳር አይጠፋም፤ ለማረፍ ከአስፋልት ስትወጣ ነው የሚወጋህ። ንፋሱ ጠዋት ጎማው ሳይሞቅ ይለካ፤ ለብቻህ ስትሆን ፊት 25፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ፤ ሰው ከኋላ ካለ ኋላውን 32 አድርግ። ንፋሱ ካነሰ ጎማው ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ አፉ ከሥሩ ይቀደዳል። ይህን ደግሞ በማስቲካ አትለጥፈውም። ለዚህ ነው የከመነዳሪው አፍ ላይ ያለችው ዳዶ ቸርኬው ላይ ተጠብቃ መታሰር የሌለባት። ወደ ቆቡ አስጠግተህ ተዋት። አፉ ጋደል ሲል ካየህ ጎማው መንሸራተት ጀምሯል ማለት ነው፣ ሳይቀደድ ትደርስበታለህ።

ከመንገድ በፊት እቤትህ አንድ ጊዜ ጎማ አውልቀህ መልስ። ብዙ ሰው የሚቸገረው ይህ ቦታ ላይ ነው፦ የጎማውን ከንፈር በብረት ለማውጣት ሲታገል ከመነዳሪውን ይቆነጥጣል። ቸርኬው መሐሉ ጎድጓዳ ነው። ከአፉ ተቃራኒ ባለው በኩል ሁለቱንም ከንፈር በጉልበትህ ተጭነህ ወደዚያ ጎድጓዳ አስገባ፤ በአፉ በኩል የሚላላው ያኔ ነው። ብረቱን በአንዴ 5 ሴ.ሜ. ያህል ብቻ አንሳ። ሲወጣ የጎማውን ውስጥ በጨርቅ አስስ፤ በእጅህ አይሆንም፣ እሾኹ እዚያው አለ። ቁስሉን አሻክር፣ ማስቲካውን ቀባ፣ እስኪደርቅ አምስት ደቂቃ ጠብቅና ለጥፍ። እርጥብ ማስቲካ ላይ የተለጠፈ ልጣፊ በሙቀት ይነሳል። ስትመልስ ከመነዳሪው ክብ እስኪይዝ ትንሽ ንፋስ ስጠው፣ ከአፉ ተቃራኒ ጀምረህ በአፉ በኩል ጨርስ።

ያዝ የምልህ፦ ሁለት ከመነዳሪ፣ ማስቲካና ልጣፊ፣ ሁለት የጎማ ብረት፣ የእግር ፓምፕ፣ አንድ ካንዴላ፣ የፍሪሲዮንና የነዳጅ ገመድ፣ የካቴና ማያያዣ፣ ሁለት ፊውዝ፣ የነዳጅ ፊልትሮ። ከዚህ በላይ አትጫን። ቦክሰር ኬንያ ውስጥ የቦዳቦዳ (ሰው በክፍያ የሚያመላልስ) ሞተር ናት፤ ማርሳቢትም ኢሲዮሎም መለዋወጫዋ ሱቅ ውስጥ አለ። በዚህ መንገድ ላይ ከትልልቆቹ ሞተሮች የምትበልጠው በዚህ ነው።

መልስ፦ የሞያሌ መንገድ

ስለ ወረቀቱ። ሞተር መንገድ ላይ ቢበላሽ ይጠገናል፣ ወረቀት ከጎደለ ግን ከሞያሌ አታልፍም።

ሊብሬው በወንድምህ ስም ስለሆነ በሰነዶች ማረጋገጫ የጸደቀ ውክልና ያስፈልግሃል። «እንዲነዳ» የሚል ብቻ አይበቃም፤ ተሽከርካሪውን ከአገር ለማስወጣት፣ ውጭ ለመንዳትና መልሶ ለማስገባት የሚል በግልጽ ይጻፍ፤ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩም ይግባ። በእንግሊዝኛ የተተረጎመ ቅጂም ያዝ። ከመነሳትህ በፊት የሻንሲውን ቁጥር በብሩሽ አጽዳና ከሊብሬው ጋር ፊደል በፊደል አስተያይ። ሞተሩ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ ካልተመዘገበ መጀመሪያ እሱን አስተካክል። የመንጃ ፈቃድህም የሞተር ሳይክል ምድብ ያለው ይሁን።

ኢንሹራንስ፦ የሦስተኛ ወገን መድንህ ኬንያ ውስጥ አይሠራም። መድን ከገዛህበት ኩባንያ የኮሜሳ (የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያ) ቢጫ ካርድ ጠይቅ፤ ኢትዮጵያም ኬንያም በዚህ ስምምነት ውስጥ ናቸው። ኬንያ የሚለው ሳጥን ላይ መኖሩንና የቀኑን ገደብ እዚያው ባንኮኒው ላይ አረጋግጥ። ቢጫ ካርድ በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ነው፤ ሞተርህ ብትሰረቅ ወይም ብትሰበር አይከፍልም።

ጉምሩክ፦ በኢትዮጵያ በኩል ስትወጣ በጊዜያዊነት መውጣቷን የሚያሳይ ሰነድ ሳትይዝ አትሻገር። ያለ እሱ ስትመለስ እንደ አዲስ የሚገባ ዕቃ ሊያዩብህ ይችላሉ። ኬንያ ደግሞ የውጭ ሰሌዳ የምታስገባው በጊዜያዊነት ነው፤ ወይ ካርኔ በሚባለው የጉምሩክ ደብተር፣ ወይ ድንበር ላይ በሚሰጥ የጊዜያዊ ማስገቢያ ፈቃድ። ለአንተ የትኛውን እንደሚቀበሉ፣ ለስንት ቀንና በስንት ክፍያ እንደሆነ ሞያሌ ካለው የኬንያ ገቢዎች ባለሥልጣን ጉምሩክ አስቀድመህ ጠይቅ። ፈቃዱ ላይ የተጻፈው ቀን ሳያልፍ ውጣ፤ ቅጣት አለው። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገር መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚሠሩበት የአንድ ማዕከል ድንበር ስላለ ጠዋት ከገባህ ከሰዓት በፊት ልትጨርስ ትችላለህ።

ለራሳችሁ ፓስፖርት ቢያንስ 6 ወር የሚቀረው፣ እና የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ክትባቱ የሚጸናው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልክ ነው። የመግቢያ ደንቡን በምትሄድበት ሳምንት ከኬንያ ኢሚግሬሽን ይፋዊ ገጽ ላይ ተመልከት። ፓስፖርቱ ላይ የመግቢያ ማህተም መመታቱን ዐይተህ ውጣ። ከሞያሌ እስከ ኢሲዮሎ ባሉት ኬላዎች መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።

መልስ፦ ኢስሊ

በግራ መንዳቱ ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ችግር የለውም፤ ሌላው መኪና ይመራሃል። አደጋው ባዶ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ከሆቴል ስትወጣ፣ ከማደያ ስትወጣ፣ ለፎቶ ቆመህ ስትነሳና ወደ ቀኝ ታጥፈህ ሰፊ መንገድ ስትገባ እጅህ በለመደው ወደ ቀኝ ይወስድሃል። ስፒዶሜትሩ ላይ ወደ ግራ የሚያመለክት ቀስት በቴፕ ለጥፍ፤ ከኋላ ያለው ሰው ደግሞ በተነሳችሁ ቁጥር «ግራ» ብሎ ያስታውስህ። አደባባይ የሚዞረው በሰዓት አቅጣጫ ነው፤ ቅድሚያ ለቀኝ ነው። ለመቅደም ስትወጣ የምታየው የቀኙን ስፔክዮ ነው። የአንተ ሞተር የቀኝ ስፔክዮ ከሌላት ከሐዋሳ ሳትወጣ አስገጥም።

ነጂውም ተሳፋሪውም ሄልሜትና አንጸባራቂ ጃኬት መልበስ በኬንያ ሕግ ግዴታ ነው። ጭነትህን በላስቲክ ከረጢት አትጠቅልል። ኬንያ እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2017 መጨረሻ ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከልክላለች፣ ቅጣቱም ከባድ ነው። ሸራ ወይም ውኃ የማያስገባ ቦርሳ ይሁን። ናይሮቢ ስትገባ ከፍ ብሎ የተሠራው የክፍያ መንገድ፣ ኤክስፕረስዌይ የሚሉት፣ ለሞተር ሳይክል ክልክል ነው፤ ከሥሩ ባለው ሂድ። ስልክህ ላይ ያለው የሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ኤምፔሳ ከኬንያው ጋር አንድ አይደለም። ሞያሌ ላይ በፓስፖርትህ የኬንያ ሲም አውጣና እዚያው ተመዝገብ፤ ትንንሽ ማደያዎች ሳይቀሩ በእሱ ይቀበላሉ።

ንፋሱን አትርሳ። ከቱርቢ እስከ ማርሳቢት ያለው ሜዳ በንፋስ የታወቀ ነው፤ የቱርካና ሐይቅ የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለው በዚሁ በማርሳቢት አውራጃ ነው። ንፋሱ ከጎን ይመጣል። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፍህ ለአፍታ ይጋርድህና ወዲያው መልሶ ይመታሃል፤ ከመድረሱ በፊት ፍጥነት ቀንስ፣ ጉልበትህን ታንከሩ ላይ አጣብቅ፣ መሪውን ግን አጥብቀህ አትጨብጠው።

መልስ፦ የሞያሌ መንገድ

ርቀቱን ልጨምር። ሐዋሳ–ያቤሎ 300 ኪ.ሜ. ገደማ፣ ያቤሎ–ሞያሌ 200 ገደማ፣ ሞያሌ–ማርሳቢት 250፣ ማርሳቢት–ኢሲዮሎ 270፣ ኢሲዮሎ–ናይሮቢ 280። ታንከሯ 11 ሊትር ነው፤ ተጭናም 400 ኪ.ሜ. ትሄዳለች። ስለዚህ በየከተማው ሞልተህ ከወጣህ ጀሪካን አያስፈልግህም። ያቤሎና ሞያሌ ላይ የነዳጅ ወረፋ ሊኖር ስለሚችል ግን ግማሽ ሲሆን ሙላ። ከኢሲዮሎ ወደ ናንዩኪ በቲማው በኩል ያለው ዳገት ከቆላው ሙቀት በቀጥታ ወደ ብርድ ያስገባሃል፤ ጃኬቱ ከላይ ይታሰር።

ጥር ጥሩ ነው። በቦረናና በሰሜን ኬንያ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና በጥቅምትና ኅዳር ነው። ከሀገረ ማርያም በታች ያለውን የጸጥታ ሁኔታ በየጠዋቱ ከአካባቢው ሾፌሮች ሳትጠይቅ አትነሳ። ከ11 ሰዓት በኋላ አትንዳ፤ ከብትና ግመል ወደ ቤት የሚገቡበት ሰዓት ነው፣ ግመል ደግሞ በቦክሰር መብራት ከሩቅ አይታይም።

ጥያቄ፦ የታቦር ልጅ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለካሁት፤ 21 ፒን ላይ አንዱ ቦታ 257፣ ሌላው 261 ሚ.ሜ. ሆነ። ፓውደሩ ላይም ከዘንጉ ወደ ታች መስመር አለ። ሦስቱንም ከሲሉ ጋር አዝዣለሁ። ባለቤቴን ልውሰድ ወይስ ይቅር? ደግሞስ ካቴናው ሲገጠም ልብ የምለው ነገር አለ?

መልስ፦ ይርጋጨፌ

እኔ ብትሄድ እላለሁ፤ ዕቃው ከቀነሰ። የሁለታችሁን ክብደት፣ የቦርሳዎቹንና የፖርቶመጋላውን ደምርና መመሪያ ደብተሩ ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ጭነት ጋር አስተያይ። ካለፈ የሚቀረው ቦርሳ ነው። ከባዱ ዕቃ ከፖርቶመጋላው ላይ ይልቅ ግራና ቀኝ ዝቅ ብሎ ይታሰር።

መልስ፦ ቁልፍ 14

እኔ ደግሞ እስከ ሞያሌ በአውቶቡስ ትምጣ ባይ ነኝ። በሀገር ውስጥ ያለው መንገድ ነው ጉድጓድና ከብት የሚበዛበት፤ ከሞያሌ ወዲያ መንገዱ ለሁለት ሰው ይመቻል። የእሷንም ፈቃድ ጠይቅ። አብራችሁ ከሄዳችሁ ግን የኋላውን የፍሬን ሸራ አሁን ክፈትና እይ። ከፍሬኑ ምላስ አጠገብ ያለው ጠቋሚ መስመሩ መጨረሻ ላይ ከሆነ ቀይር። ስትመለሱ ከቲማው ወደ ኢሲዮሎ ስትወርዱ ሁለት ሰው የጫነች ሞተር በፍሬን ብቻ ከተያዘች ሸራው ይግልና ይላላል፤ በሦስተኛ ማርሽ ውረድ።

ካቴናው ሲገጠም የማያያዣዋ ቅንጥብ የተዘጋው ጫፏ ካቴናው ወደሚሄድበት፣ ክፍቷ ወደ ኋላ ይሁን፤ ተገልብጣ ከገባች አንድ ነገር ሲነካት ትወልቃለች። ጨዋታውን የምትለካው ሁለታችሁ ተቀምጣችሁባት ሌላ ሰው ከታች እያየ ነው፤ ጭነት ሲወርድባት ካቴናው ይጠብቃልና ባዶዋን በ25 ያሰርከው ጭነት ላይ ገመድ ይሆናል። በሁለቱም በኩል ያለው የማጥበቂያ ምልክት እኩል ቁጥር ላይ ይቁም። አዲስ ካቴና በመጀመሪያዎቹ መቶ ኪ.ሜ. ውስጥ ስለሚረግብ ዲላ ላይ ቁምና እንደገና ለካው፣ የኋላውን ትልቅ ዳዶም በዚያው አጥብቅ።